ልጓሙን የያዘው መለከት ነፊ

እኔ ዛር፣ ጥንቆላ፣ ሟርት ሲባል ከሚስቁት ሰዎች አንዱ ነኝ፣ እንጅባራ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር። ከስድስተኛ ክፍል በላይ ሳልማር ራዲዮ የምጠግን፣ ኮርቻ የምሠራ፣ ፈረንጆችን በገዛ ታሪካቸው የማርም ሰው ነኝ፣ ስለዚህ አሁን የማወራችሁን ሽማግሌ ቃዠ ብላችሁ አትለፉት።

የናፖሊዮን ጦር ከሞስኮ ሲመለስ በብርድ ያለቀበትን መንገድ በር በሚያህል ጣውላ ላይ በትንንሹ እየሠራሁ ነው። ወታደሮቹ ከቀርከሃ፣ ፈረሶቹ ከዋንዛ፣ በረዶው ከጀሶ። የፈረሶቹን የብረት ጫማ እንኳ ከቆርቆሮ ቆርጬ መትቻለሁ፣ ያውም በረዶ የሚቆነጥጥ ሹል የሌለውን፣ እነዚያ ፈረሶች እየተንሸራተቱ ያለቁት በዚያ ነዋ፣ ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ካለ በዚህ አገር ይምጣ። ጥግ ላይ ለቆመው መለከት ነፊ ደግሞ የራሴን አፍንጫ ሰጥቼዋለሁ፣ ሠሪው እንዲታወቅ።

ጭራ ግን የእውነት ፀጉር ይፈልጋል፣ ስለዚህ ከወዳጄ ከአያ ደምስ ፈረስ፣ ከቦራ፣ ሳላስፈቅድ ጥቂት ቆረጥኩ። አያ ደምስ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ዘንድሮም በጥር የፈረስ ትርዒት እጋልባለሁ ይላሉ።

የቦራን ፀጉር የለጠፍኩበት ፈረስ ጋላቢ በማግስቱ ወድቆ አገኘሁት። በሙጫ አጣበቅሁት፣ ወደቀ። ምስማር መታሁበት፣ እመኑኝ፣ ጠዋት ምስማሩ ኮርቻው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጋላቢው ጀሶው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

ይህ ለምን እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። በእኛ አገር ፈረስ ተጭኖና ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት የሚሳበው፣ ባለቤቱ ሲሞት ለቅሶው ላይ ነው።

ባለቤቴ ጥሩነሽ አየችና «አንቱ፣ ሄደው ይንገሯቸው እንጂ» አለችኝ።

«ምን ብዬ? አሻንጉሊት አስፈራኝ ብዬ?»

«አፍንጫዎ ከሚሰበር ሰው ቢሞት ይሻልዎታል?»

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ መብራት ጠፍቶ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከመንገዱ የኮቴ ድምፅ መጣ። የእኛ ሰፈር ፈረሶች የብረት ጫማ አያውቁም፣ ይህ ግን ብረት ነው፣ መታ መታ ያደርግና ሸርተት፣ ደግሞ መታ መታ፣ ሸርተት ይላል፣ በዚያ ደረቅ አቧራ ላይ! አጥራችን ጋ ሲደርስ ቆመ። ብቅ ብዬ አየሁ፣ መንገዱ ባዶ ነው። ጥሩነሽ አማተበች፣ እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ አማተብኩ።

በማግስቱ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ አያ ደምስ ዘንድ ሄድኩ። ቦራን እያሹት ነበር።

«አያ ደምስ፣ ዘንድሮ አይጋልቡ።»

«ማን ሊከለክለኝ?»

አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«የቦራን ጭራ ማን ላጨው እያልኩ ጎረቤቱን ሁሉ ስጠረጥር፣ ለካ ሌባው አንተ ነህ! ያበጀኸውም አንተ፣ የፈራኸውም አንተ!»

«አያ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ።»

«ተወኝ እባክህ። ደግሞ ብሞትስ ምን ቸገረህ? ቦራን ከሬሳዬ ኋላ የምትስበው አንተ ነህ፣ ከአንተ የቀረበ ማን አለኝ?»

ይህን ሲሉ ጀርባዬን ውርጭ ነካኝ። ቤት ገብቼ፣ ታሪኩም ይበላሽ ብዬ፣ የእንጨቱን ፈረስ ኮርቻ ፈታሁ፣ ጋላቢውን ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፣ ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩ። አንገቴ ላይ እንዳለ አደረ።

ዛሬ ጠዋት ስከፍት ኮርቻው ተመልሶ ፈረሱ ላይ ነው፣ ባዶውን። መለከቱ ጥግ ላይ ጀሶው ላይ ወድቋል፣ ነፊው ግን እዚያ የለም። ጣውላውን ሙሉ አቋርጦ ከፈረሱ ፊት ቆሟል፣ መለከት እንዲይዝበት በቀረጽኩለት እጁ ልጓሙን ጨብጧል፣ አፍንጫው የእኔ ነው።

ትርዒቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አያ ደምስ ስደውልላቸው «አልሞትኩም፣ ተኛ!» ብለው ይዘጉብኛል። መለከት ነፊውን ወደ ቦታው ልመልሰው ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ልጓሙን አልለቅም አለኝ።