ጽራሬን ሲሻገሩ

ሁለተኛው ጥይት የነዳጁን ቱቦ በጠሰው። ሻለቃ ይግዛው ሄሊኮፕተሯን ከአበርገሌ ቆላ ወደ ሰቆጣ ሊያዞራት ታገለ፤ እሷ ግን አልታዘዝ አለችው። ከሥሩ ማሽላ የተዘራበት ጠባብ እርከን ታየው። ከእርከኑ ወዲያ ገደል ነው።

«አጥብቀህ ያዝ» አለው የበረራ ቴክኒሻኑን ብዙነህን።

ሄሊኮፕተሯ መሬቱን ስትመታ ጭራዋ ተሰብሮ ገደሉ አፋፍ ላይ ተንጠለጠለ። ይግዛው ግንባሩ ተሰንጥቆ ወጣ። ብዙነህን ከወንበሩ ሥር ጎትቶ ሲያወጣው የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሮ አጥንቱ ይታይ ነበር።

ለተከበበ የጦር ሰፈር መድኃኒት አድርሰው መመለሳቸው ነበር። ይግዛው ከሁለት ዓመት በፊት በጥይት ውርጅብኝ መካከል አራት ጊዜ አርፎ ሠላሳ አንድ ቁስለኛ በማውጣቱ የጀግና ሜዳይ ደረቱ ላይ ተደርጎለታል። ብዙነህ አራቱንም ጊዜ ከኋላው ነበር።

ታጣቂዎቹ ከማዶ ተዳፋት እየወረዱ ነው። ብዙነህ ጥለኸኝ ሂድ ብሎ ለመነው። ይግዛው ጠመንጃውን አንሥቶ ከድንጋይ ጀርባ ተኛና ጥይቱ እስኪያልቅ ተኮሰ። ከዚያ በኋላ እጁን ከማንሣት በቀር የቀረው ነገር አልነበረም።

አራት ነበሩ። አለቃቸው ሽበት ጣል ያደረገበት፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሁለቱን ምርኮኞች በድንጋይ በተካበ የፍየል በረት አስገባቸውና ከሄሊኮፕተሯ የፈታውን ሬዲዮ ይግዛው ፊት አስቀመጠ።

«በሰላም አርፈናል፣ መጥታችሁ ውሰዱን በል። ጓደኛህም ሐኪም ያገኛል።»

የሚመጣው ሄሊኮፕተር የሚያርፈው አፈሙዝ ላይ እንደሆነ ይግዛው አላጣውም። ማን እንደሚያበረውም ያውቃል። በዚያ ሳምንት ተረኛዋ ሻምበል የትናየት ናት፤ በረራ ያስተማራት እሱ ነው። አልናገርም አለ።

አለቃው አልመታውም። የብዙነህን ፋሻ አስፈትቶ፣ ቁስሉን እንዲያይ አደረገው፤ ከዚያ ሬዲዮኑን ይዞ ሄደ። በማግስቱም እንዲሁ አደረገ። የብዙነህ እግር ጠቁሮ፣ ሽታው በረቱን ሞልቶት ነበር። ብዙነህ ተናገርም አትናገርም አላለም። ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ጥርሱን ይነክሳል። ይግዛውን ከማንኛውም ነገር በላይ ያስፈራው ይህ ዝምታ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጧት ብዙነህ በትኩሳት መቃዠት ጀመረ። ይግዛው ያን ጊዜ ሊናገር ቆረጠ። ሰውየው ሲመጣ የሚናገረውን ቃል እንኳ በአፉ አዘጋጅቶ ጠበቀ። ግን አለቃው ሲገባ በሩቅ የአውሮፕላን ድምፅ ይሰማ ነበርና ተነሡ፣ ከጽራሬ ወንዝ ማዶ እንሻገራለን ብሎ አጣደፋቸው። ሬዲዮኑ ከረጢት ውስጥ ገባ። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

ብዙነህን የሚሸከም አህያ ፈልገው አንድ ሽማግሌን ከነአህያው ከማሳው አመጡ። መንግሥቴ ይባላሉ። ብዙነህን ሲያስቀምጡት ሽማግሌው በኽምጠኛ ለራሳቸው፣ የዚህ ሰው እግር ሸቷል፣ እግዜር ይድረስለት አሉ። ይግዛው ሳያስበው ቀና ብሎ አያቸው። የተወለደው ደሃና ነው፤ ኽምጠኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው። ሽማግሌው ወዲያው ፊታቸውን መለሱ።

ቁልቁለቱን ጀመሩ። ከታጣቂዎቹ አንዱ የይግዛውን ሁለት እጅ የፊጥኝ ሳይሆን ከፊት አስሮ፣ የገመዱን ጫፍ በራሱ ወገብ ላይ ቋጥሮ ይጎትተዋል። ድንጋዩ በፀሐይ ግሎ ጫማ ያልፋል። ጥቂት እንደሄዱ መንግሥቴ አህያዋን በኽምጠኛ ይሳደቡ ገቡ።

«አንቺ ከንቱ! ትናንት ደጋው ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም አልሰማሽም? ጽራሬ ዛሬ ይሞላል። ጭነትሽን ላስተካክል ስቆም፣ ወደ አሸዋው እንዳትወርጂ።»

ቋንቋውን የማያውቁት ታጣቂዎች ሳቁ። ይግዛው ግን ቃሉ ለእሱ እንደሆነ ገባው። ሽማግሌው አንገታቸውን ነው ያስያዙት። ቤታቸው ከዚያ አይርቅም፤ ሚስታቸው ከነፍየሎቻቸው እዚያው ናት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በሰፊው አሸዋ መካከል የሚፈሰው ውሃ ቁርጭምጭሚት አይደርስም። አለቃውና ሁለቱ ታጣቂዎች ፈጥነው ተሻገሩ። መንግሥቴ ማሰሪያው ላልቷል ብለው አህያዋን አቆሙ። ገመዱን የያዘው ታጣቂ ግን አልጠበቀም፤ ይግዛውን እየጎተተ አሸዋው ውስጥ ገባ። ይግዛው ያነከሰ መስሎ እግሩን ጎተተ። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዱ።

ከላይ ድምፅ መጣ። መጀመሪያ ነፋስ ይመስል ነበር፤ ከዚያ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ተሰማ። ይግዛው ዞሮ ወደ ዳር ሮጠ። ገመዱ ሰውየውን ከኋላው አስፈነጠረው። ይግዛው የሾላ ሥር ላይ ገመዱን ሁለት ጊዜ ሲጠመጥም ግንድ የተሸከመው ቀይ ደራሽ ውሃ መጣና ታጣቂውን ጠራርጎ ወሰደው።

ገመዱ ተወጠረ። የይግዛው አንጓ ደማ። ሰውየው ብቅ ይላል፣ ይሰጥማል። መንግሥቴ ማጭዳቸውን ይዘው ሮጡና ገመዱ ላይ አነሡት።

«አይቁረጡት አባቴ» አለ ይግዛው በኽምጠኛ። «ይያዙልኝ።»

ሽማግሌው ለአፍታ አመነቱ። ከዚያ ማጭዱን ጥለው አብረውት ጎተቱ። ሰውየው ጠመንጃውን ውሃ ወስዶበት፣ ጭቃ እያስመለሰው ወጣ። መንግሥቴ የሁለቱንም እስር ቆርጠው ፈቱ። ከማዶ ተኩስ ተከፈተ፤ ጥይቱ ሾላውን ላጠው። ያወጡት ሰው ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ቀረ እንጂ አልተከተላቸውም።

አህያዋን እየነዱ ዳገቱን ወጡ። ውሃው ሲጎድል አለቃው እንደሚሻገር ሁለቱም ያውቃሉ። ይግዛው በየመታጠፊያው ወደ ኋላ ያያል፤ ባየ ቁጥር የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ ይመስለዋል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የቁስሉ ሽታ ሦስት ጅቦች አመጣባቸው። አንዱ ደፍሮ የብዙነህን እግር ሊነክስ ዘለለ። ይግዛው በድንጋይ አፍንጫውን አለው፤ መንግሥቴ እየጮኹ ማጭዳቸውን ወነጨፉ። ጅቦቹ አፈገፈጉ፣ ግን እስከ ሸንተረሩ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። ብዙነህ መቃዠቱን አቁሞ ነበር። ይግዛው በየጥቂት እርምጃው እጁን ወደ አፍንጫው እያስጠጋ ትንፋሹን ይፈትሻል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የሰቆጣ ቆርቆሮ ቤቶች ታዩ።

ሐኪሞቹ የብዙነህን ሕይወት አተረፉ፤ እግሩን ግን ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት። መንግሥቴ ሆስፒታሉ በር ላይ ተቀምጠው መንገድ መንገዱን ሲያዩ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ሚስታቸው ባንቺ ወሬው ደርሷት፣ ሰባት ፍየል እየነዳች ደረሰች። የቀሩት ስድስቱ በመንገድ ሞተዋል። ሽማግሌው ስለ ፍየሎቹ አልጠየቁም።

ይግዛውን አለቆቹ ሁለተኛ ሜዳይ እንደሚጠብቀው ነገሩት። ያን ዕለት ከብዙነህ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ።

«በሦስተኛው ቀን ልናገር ቆርጬ ነበር» አለ። «ሬዲዮኑን ፊቴ ቢያስቀምጠው ኖሮ የትናየትን እጠራት ነበር።»

ብዙነህ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ለእኔ ብለህ?»

«ለአንተ ብዬ።»

«እኔ ደግሞ እንድትናገር ስጸልይ ነበር» አለ ብዙነህ ሳይዞር። «ሦስቱንም ቀን። እንኳንም ሳይጠይቁህ ቀሩ።»

በሩ ተንኳኳ። ሻምበል የትናየት የበረራ ልብሷን እንደለበሰች ገባች፤ ብዙነህን ወደ ትልቁ ሆስፒታል የምትወስደው እሷ ነበረች። ሁለቱን በየተራ አቅፋ ሳመች፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ አለች፤ ሻለቃውንም ስላሳየው ጽናት ማመስገን ጀመረች።

ይግዛው ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ተቀመጪ» አላት። «አስቀድሜ የምነግርሽ ነገር አለ።»