ጳጉሜ የሌለበት ወንፊት

አየር ጤና ታክሲ ተራ ላይ ኢፍቱ ከያደሳ ኋላ ተሰለፈች። ፍላሹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ጣለችው።

«ወንፊቱ ውስጡ አለ። ዋርካ ራሱ ነው የሠራው። እንዳትነካካው ብሏል።»

ዋርካ ዱባለ ነው። የያደሳ የቀራንዮ አብሮ አደግ፣ አሁን ደግሞ በስለላው ቤት አለቃው። የያደሳ የምስጢር ስም ጉሎ ነው። አንዱ ዋርካ ሌላው ጉሎ፤ ስም ያወጣው ማን እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ጣቷ ላይ ቀለበት አየ።

«መቼ?»

«ለእንቁጣጣሽ ዋርካ አጠለቀልኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ከእሱ ጋር ቀራንዮ መድኃኔዓለም በር ላይ እንገናኛለን። አንተ ሥራህን ሥራ፣ ጉሎ።»

ቀድሞ የወደዳት እሱ ነበር፤ ቀድሞ የተናገረው ግን ዱባለ ነው።

ከአንድ ጋራዥ በላይ ያለው የአስመጪ ቢሮ የኮንትሮባንዲስቶች ነው። ያደሳ እዚያ የሚታወቀው በኮምፒውተር ጠጋኝነት ነው። የቢሮው ጌታ ማንንም ስለማያምን የስልክ ንግግሩን ሁሉ ይቀዳል፤ ፋይሉንም በዕለቱ ቀን ይሰይመዋል። ከስለላው ቤት አንድ ሰው ባልደረቦቹን እየሸጠለት ነው። ሁለቱ የውሃ ሽታ ሆነዋል። የበላይ አካል ያለፈውን ዓመት ቅጂዎች በሙሉ አምጡ ብሎ አዟል፤ ዱባለም እምቢ ማለት አልቻለም።

ጸሐፊዋ ዘመነች ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። ያደሳ የፋይሎቹን ስም ጽሑፍ ማረሚያው ላይ ዘረገፈ። ወንፊት የሚሉት ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ነው፤ ከስሞቹ መሀል ቅርጹ የገጠመውን ብቻ እየለየ ቢጫ ይቀባል። ለጠፈው። ስሞቹ ቢጫ ሆኑ።

ቢጫዎቹን ፍላሹ ላይ ገልብጦ መውጣት ነበረበት። ቅናቱ አላስወጣውም። የዱባለ ሥራ ላይ አንድ ስህተት ሳያገኝ መሄድ አልሆነለትም። ፊደል በፊደል አነበበው። ዓመቱ ልክ ነው። ቀኑ ልክ ነው። ወሩ፦

0[1-9]|1[0-2]

ከአንድ እስከ ዘጠኝ። ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት።

ጳጉሜ የለም።

መጀመሪያ ደስ አለው። ቀጥሎ ደነገጠ። ፈረንጅ ዐሥራ ሦስተኛዋን ወር ቢረሳ አይፈረድበትም። ዱባለ ግን በጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዝናብ፣ አብሮት ራቁቱን እየጨፈረ የተጠመቀ ልጅ ነው። እሱ ጳጉሜን የሚተዋት አውቆ ነው።

ሁለቷን በሦስት ተካ። ጥቂት ስሞች ተጨምረው ቢጫ ሆኑ። አንዱን በጆሮ ማዳመጫ ከፈተ። የዱባለ ድምፅ ነው።

«ከበዓሉ በኋላ እንሶስላን ራሴ ቀራንዮ አመጣልሃለሁ።»

እንሶስላ ኢፍቱ ናት።

ደወለላት።

«አትሂጂ። የሸጠን ዋርካ ነው።»

«ቀለበቱን ባታይ ኖሮ ይህን ትል ነበር?»

ማስረጃው እጁ ላይ ነበር። ማዳመጫውን ነቀለ፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ ደቅኖ ቅጂውን ለቀቀው።

ዘመነች ቀና አለች።

በስንት ልፋት የገነባው ሽፋን እዚያው አለቀለት። ፍላሹን መንጭቆ ወረደ፤ በጋራዡ ጓሮ፣ ግራሶ በጠገበው ወለል ላይ እየተንሸራተተ አመለጠ።

ኢፍቱ የሰማችውን ለበላይ አካል ነገረች፤ ዱባለ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተያዘ። አደይ አበባ ይዞ ነበር አሉ።

አመሻሽ ላይ የኢፍቱ መልእክት መጣ። «ሕይወቴን አትርፈሃል፤ አልረሳውም። ግን ስትነግረኝ ድምፅህ ውስጥ ደስታ ነበር። ሁለተኛ እንዳትደውልልኝ።»

ውሸት ነው ብሎ ሊጽፍላት ጀመረና ተወው። ደስ ብሎት ነበር።

ሲም ካርዱን ሰብሮ ጣለና በቆሼ በኩል የሚያልፍ ታክሲ ውስጥ ገባ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ ረዳቱ።

ያደሳ ከማያውቁት ሰዎች መሀል ጠጋ አለ።