የድንጋይ ድርሻ

ከድንጋዩ ክምር ሥር የሚታዩት ሁለት እግሮች ብቻ ነበሩ። ኢንስፔክተር ፕሪሚቲቫ ኪስፔ አጎንብሳ አየቻቸውና አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች። ሬሳው ገና አልሸተተም። የሚሸተው መንገድ ላይ የቆመው የጭነት መኪና ነው፤ የጫናቸው ዶሮዎች አልቀው በስብሰዋል።

መንደርተኛው «ውሃ ይግባልን» ብሎ አውራ ጎዳናውን በድንጋይ ከዘጋ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የፖሊስ መኪና አናሳልፍም ስላሉ ስድስት ኪሎ ሜትር በእግሯ መጥታለች። ሟቹ የመንገድ ዘጊዎቹ መሪ ዶን ሴልሶ ቹራ ነው። ገዳይ የተባለው ሹፌር ዊልሰን ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል፤ አጠገቡ አንድ ጀሪካን ቤንዚን ተቀምጧል። እኩለ ቀን ላይ ስብሰባ አለ፤ ምን እንደሚወሰን ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

የሟቹ ምክትል ሪጎቤርቶ አፓሳ ሻይ ይዞላት መጣ።

«ብርዱን ያስታግስልዎታል እመቤቴ። ነገሩ ግልጽ ነው። ጎህ ሲቀድ ይሄ ከይሲ ድንጋዩን በመኪናው ገፍቶ ዶን ሴልሶ ላይ ናደው።»

«ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ነፍሱን ይማረው፣ ለትግሉ ጋሬጣ ሆኖብን ነበር። ሆደ ቡቡ ነው።»

አንዴ ፉት አለችለትና ብርጭቆውን አስቀመጠች። ሻዩ ማር ማር ይላል።

ሹፌሩ ሲያያት ማልቀስ ጀመረ።

«ገፍተሃል?»

«ገፋሁ! ጠዋት ሲከፍቱልን ተስፋ ቆርጬ አንዷን ድንጋይ በመኪናዬ ነካኋት። ክምሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እግር አየሁ፤ የጮህኩትም እኔው ነኝ። ሰው የገደለ ይጮሃል እንዴ፣ እህቴ?»

የሟቹ ሚስት ዶኛ አስቴሪያ ከእግሮቹ ጎን መሬት ላይ ተቀምጣለች። ለፖሊስ የደወለችው፣ ድንጋዩንም ማንም እንዳያነሳ የከለከለችው እሷ ናት።

«ሹፌሮቹ የሚከፈትላቸው ከየት ነው?»

«ከትምህርት ቤቱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የምቆልፍባቸው እኔ ነኝ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው የሚያድረው።»

«ባልዎ ትናንት ምን አሉ?»

«መንገድ ተዘግቶበት በቆመው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ታቃስታለች፣ ነገ መንገዱን እንክፈት አለ። ደግሞ በወንዙ በኩል የጎማ ዱካ አይቻለሁ፣ ማን እንደሚያሳልፍ እጠይቃለሁ ብሎ አመሻሽ ላይ ወጣ። አልተመለሰም።»

«ቤትዎ ስኳር አለ?»

«ስኳር? ከመንደሩ ከጠፋ ሳምንቱ እኮ ነው፣ ልጄ።»

ፕሪሚቲቫ ሌሊት አመዳይ የወረደበትን ድንጋይ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደች አየችው። እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ድርሻ ይክባል፤ እንዳይሰረቅበትም ድንጋዮቹን በየራሱ ቀለም ይነቁጣል። የሌላውን ድርሻ መንካት ነውር ነው፤ በጠዋቱ ቁጥጥር የራስ ድርሻ ጎድሎ መገኘት ደግሞ ውርደት። እሷም ያደገችው እንዲህ ባለ መንደር ነው።

ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ሳትወጣ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«እነዚህን ድንጋዮች እዩ» አለች ክምሩን እያሳየች። «አመዳዩ ሳይነካ እንደ ነጭ ጨርቅ ለብሷቸዋል። ጎህ ሲቀድ ተንደው ቢሆን አመዳዩ ይረግፍ ነበር። ስለዚህ ሰውየው የተቀበሩት ማታ፣ አመዳዩ ሳይወርድ ነው። ያኔ ዊልሰን ተቆልፎበት ነበር።»

ማጉረምረም ተነሣ።

«አሁን ደግሞ ድርሻችሁን እዩ። ሁሉም ነጭ ነው፤ ከአንዱ በቀር። የዚያኛው ድንጋዮች አመዳይም ቀለምም የላቸውም፤ የወንዝ ጭቃ ግን አላቸው። ዛሬ ጠዋት ነው የተተኩት። የቀድሞዎቹ የት ሄዱ? ከሬሳው ላይ አንሡና ገልብጡ።»

ሁለት ሰዎች ገለበጡ። ከሥር አረንጓዴ ነቁጥ ነበር፤ የአፓሳ ቤት ቀለም። የሁሉም ዓይን ወደ ሪጎቤርቶ ዞረ።

«ሰው... ሰው ሰርቆኝ ይሆናል!»

«ተሰርቆበት ሳይጮህ በዝምታ የሚተካ አፓሳ አላውቅም» አለች አንዲት አሮጊት፤ አንዳንዶች ሳቁ።

«ሬሳ ስትሸፍን አልደነገጥክም» አለች ፕሪሚቲቫ። «የደነገጥከው ድርሻህ ጎድሎ እንዳይታይ ነው። የሰጠኸኝ ሻይ በወንዙ በኩል ካሳለፍካቸው መኪናዎች በወሰድከው ስኳር ነው የጣፈጠው። ሴልሶ ጋሬጣ የሆኑት ለትግሉ ሳይሆን ለአንተ ጓዳ ነው።»

ሪጎቤርቶን በካቴና አሰረችው። አንዱ ጎረምሳ ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ እሱ ሲራመድ ፕሪሚቲቫ መንገዱን ዘጋችበት። ሪጎቤርቶ አስጠላት፤ ንጹሕ ሰው ሊያቃጥሉ የነበሩት እነዚህ ሁሉ ግን ከእሱ ባላነሰ አንገሸገሿት።

«አስቀምጥ! ቅድም ዊልሰንን፣ አሁን ይሄንን። ለእናንተ ማንም ይሁን፣ ብቻ ይቃጠል! ሹፌሩን ፍቱ። ለነፍሰ ጡሯ አምቡላንስ ይምጣ፣ መኪናዬም ይምጣ፤ መንገዱን ክፈቱ።»

መጀመሪያ ዶኛ አስቴሪያ ተነሥታ የባሏን ድርሻ ማንሣት ጀመረች። ሌሎቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏት። በመጨረሻ መሐል መንገድ ላይ አንድ ክምር ቀረ፤ ማንም አልነካውም። ከአውቶቡሱ ውስጥ የሴት ጩኸት ተሰማ።

ፕሪሚቲቫ ካቴናውን ፈታችለት።

«ድርሻህን አንሣ» አለችው።