እስከ ገበያ ቀን ብቻ

ቤዛዊት የሱቁን የብረት መዝጊያ ሽቅብ ስትገፋው ቀድሞ የተቀበላት የተቃጠለ ቤንዚን ሽታ ነበር። «ጋሽ ይታገሱ!» ብላ ተጣራች። አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ በኮምፒዩተሮቹ መሀል አልፋ ወደ ኋላው መተላለፊያ ዘለቀች። አሠሪዋ ቤንዚኑን ጨርሶ ከቆመው ጄኔሬተር ማዶ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን የግቢው በር ላይ አስደግፏል። የሚጸልይ መሰላት። ትከሻውን ስትነካው ወደ ጎን ወደቀ።

በሩን ወደ ውስጥ ሳበችው፤ ያለ ምንም ችግር ተከፈተ። ግቢው ውስጥ ወጥታ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች።

መርሳ ሰው ሲሞት ሐኪም ምን እንደሚል የምትጠብቅ ከተማ አይደለችም። ገና ሬሳው ሳይነሣ ሁሉም ነገር ተወስኖ አለቀ፤ ማታ መብራት ጠፋ፣ ዝናብ መጣ፣ ይታገሱ ዝናቡን ሸሽቶ የግቢውን በር ዘጋ፣ የጄኔሬተሩ ጭስ ጨረሰው። ይኼ ጮክ ተብሎ የሚወራው ነው። በሹክሹክታ የሚወራው ሌላ ነበር፤ እሱም ቤዛዊትን ይመለከታል።

ትናንት ጠዋት ይታገሱ እሷ ላይ ሲጮህ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሰምቷል። ለሠርግ ጥሪና ለባነር የሚሆን የዲዛይን ፕሮግራም ከአንድ የቴሌግራም ቻናል በርካሽ ገዝታ ሱቁ ኮምፒዩተር ላይ የጫነችው እሷ ናት። ፕሮግራሙ ጥቂት ቀን ሠራና «ቁልፍዎ አይሠራም» የሚል ቀይ ማስታወቂያ መላ ስክሪኑን ሸፈነው፤ የደንበኞቹ ሥራና የመታወቂያቸው ፎቶ አብሮ ተቆለፈ። «ገደልሽኝ እኮ፣ ቤዛ! ገደልሽኝ!» ነበር ያላት። ከዚያ ወደ ቤቷ አባረራት። እንዲህ ያለው ንግግር በየቤቱ በቀን አሥር ጊዜ ይባላል። ተናጋሪው በማግሥቱ ሲሞት ግን ሰው ቃሉን እንደ ቃሉ መውሰድ ይጀምራል።

ማታ ደግሞ፣ ቢያባርራትም፣ እንደ ልማዷ መጥታ መዝጊያውን ከውጭ የቆለፈችው ራሷ ናት። ይታገሱ ሁልጊዜ ያመሽና በግቢው በር ነው የሚወጣው።

አሁን ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። የሞባይል ዕቃ የሚሸጠው ጎረቤታቸው ሞገስ የታሸገ ውሃ አምጥቶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። የሱም ሱቅ የኋላ በር ወደዚያው ግቢ ያወጣል።

«አይዞሽ እህቴ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ፕሮግራሙን ከየት እንደገዛሽው ብቻ ትንፍሽ እንዳትዪ። ፖሊሶቹ አደጋ ነው ብለው ጉዳዩን ሊዘጉት ነው፤ አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ ጣታቸው ወዳንቺ ይዞራል።»

ራሷን ነቀነቀች። ምክሩ ባይመጣም አትናገርም ነበር። ከማለዳ ጀምሮ ያ ቻናል መልእክት እየላከባት ነው፤ «ስሜን ለፖሊስ ብታነሺ ቀጣይዋ አንቺ ነሽ። ሩቅ አይደለሁም።»

ከወልድያ የተላኩት መርማሪ ኢንስፔክተር ፋንቱ የሚባሉ ሴት ናቸው። የሰው አክስት የሚመስል ገር ፊት አላቸው፤ ይኼ ፊት ብዙ ሰው አሳስሯል። ሬሳው አጠገብ በርከክ ብለው የሟቹን ጥፍሮች አገላብጠው አዩ። ከዚያ የበሩን የውስጥ ገጽ በጣታቸው ዳሰሱ። አረንጓዴው ቀለም በተንበረከከ ሰው ቁመት ልክ ተቦጫጭሯል። ግቢው ውስጥ ወጥተው የውጭውን መቀርቀሪያ ትክ ብለው ተመለከቱት። ዝገት የበላው አሮጌ ብረት ነው፤ አንድ በኩል ላይ ግን ዝገቱ ተፍቆ ያብለጨልጫል።

ቤዛዊት ይህን ሁሉ ከሩቅ አየች፤ አንድ ነገር ገባት። ይታገሱ በሩን ለመክፈት ታግሏል። እሷ ስትስበው ግን እሺ ብሎ ተከፍቷል።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ማታ መዝጊያውን ማን ዘጋ?»

«እኔ።»

«ሰው ውስጥ እያለ?»

«ሁልጊዜም እንደዚያው ነው፣ እትዬ። እሱ በኋላ ነው የሚወጣው።»

«ገደልሽኝ ብሎሽ ነበር አሉ።»

«ሰው ሲናደድ የሚለው ነው...»

«እሱንማ እኔም ባሌን በየቀኑ እለዋለሁ።»

በዚህ መሀል ስልኳ እጇ ውስጥ ነዘረ። ቤዛዊት እባብ እንደነካት ዘለለች።

«አሳዪኝ» አሉ ፋንቱ።

«ካሳየሁዎት ይገድለኛል።»

«ካላሳየሽኝ ደግሞ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ። ከሁለት አንዱን ምረጪ።»

ስልኩን ሰጠቻቸው። ፋንቱ ዛቻዎቹን አነበቡ፤ ወደ ላይ እየገፉ ሄደው የመጀመሪያው ማስታወቂያ ላይ ቆሙ። «ኦሪጅናል ፕሮግራም! ለዕድሜ ልክ! በአንድ ምሳ ዋጋ! ቢሯችን አዲስ አበባ። ክፍያ በሞባይል ካርድ። ቅናሹ እስከ ገበያ ቀን ብቻ!» የመጨረሻዋን መስመር ደግመው አነበቧት።

«ስትገዢ አልጠረጠርሽም?»

«ጋሽ ይታገሱን ደስ ላሰኘው ብዬ ነው። ስጭነው የቫይረስ መከላከያውን አጥፊ አለኝ፤ አጠፋሁት።»

«ዘበኛሽን አሰናብቺ ያለሽን ሰው ቤትሽ አስገባሽዋ።»

ቀጥሎ ሞገስ ተጠየቀ። «ቤዛ ከዘጋች በኋላ በግቢው በር ገብቼ አይቼዋለሁ» አለ። «ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ነበር። ያ ቀይ ማስታወቂያ ስክሪኑን ሞልቶታል፤ ምስኪን፣ ሲራገም ነበር። ተወው፣ ይለፍህ ብዬው ወጣሁ። በሩ ክፍት ነበር፤ ዝናቡ ሲበረታ ራሱ ዘግቶት ነው የሚሆነው።»

ሌላው የተጠራው ቢኒያም ነው፤ ከወልድያ እየመጣ የሱቁን ኮምፒዩተሮች የሚጠግን ጎልማሳ። ፋንቱ ይታገሱ ሲሠራበት የነበረውን ኮምፒዩተር አስከፍተውት ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ። ቤዛዊት የሰማችው ቁርጥራጭ ነው፤ «ከሠሪዎቹ ገጽ... በነፃ...»። ምኑም አልገባትም። ቢኒያም በፖሊሶች ታጅቦ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበርና እሱን ጠረጠረችው። ትንሽ ቆይታ የይታገሱን ሚስት ውባለምን ጠረጠረች። ፍርሃት ሲብስ ሰው የራሱን ጥላም ይጠረጥራል።

ከቀትር በኋላ ቤዛዊት፣ ሞገስ፣ ቢኒያምና ውባለም ሱቁ ውስጥ ተሰበሰቡ። እናቷን ልትጠይቅ ግራና ከተማ ሰንብታ ያን ጠዋት የተመለሰችው ውባለም ጥግ ይዛ ተቀምጣ ቤዛዊትን አላይ አለች።

«የገደለው ጭስ ነው» ብለው ጀመሩ ፋንቱ። «በሩን የዘጋው ግን ሟቹ አይደለም። ጥፍሩ ሥር የበሩ ቀለም አለ፤ ራሱ የዘጋውን በር ማንም አይቧጥጥም። ከግቢው በኩል ተቀርቅሮበታል። የቀረቀረው ሰው ሳይነጋ ተመልሶ ከፈተው፣ አደጋ እንዲመስል።»

«ከፊት የቆለፈችውስ ማናት?» አለ ሞገስ። ዓይን ሁሉ ወደ ቤዛዊት ዞረ።

«እሷ ናት። ስትቆልፍ የኖረችውን ነው የቆለፈችው፤ ይህን ልማዷን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከኋላ ቀረቀረ። አሁን ወደ ቻናሉ እንምጣ። የሠሪው ስም የለበትም፣ ዋጋው የማይመስል ነው፣ መከላከያ አጥፉ ይላል። ይኼ የሌባ ወግ ነው፤ አልደነቀኝም። ቢሮዬ አዲስ አበባ ነው የሚል ሰው ግን ‹እስከ ገበያ ቀን› ምን አስባለው? አዲስ አበባ ዘወትር ገበያ ነው፤ እዚያ ያለ ሰው ‹እስከ ቅዳሜ› ይላል። ገበያ ቀንን ቆጥሮ የሚያድር የዚሁ አገር ነጋዴ ነው። ክፍያውንስ በሞባይል ካርድ አድርጎ የሚሰበስብ ማነው? ካርዱን መልሶ የሚሸጥበት ሱቅ ያለው።»

«ካርድ የሚሸጠው በየሱቁ ነው!» አለ ሞገስ።

«ልክ ነህ። ስለዚህ ቢኒያም ይናገር።»

ቢኒያም ጉሮሮውን ጠረገ። «ትናንት ቀትር ላይ ይታገሱ ጠርቶኝ መጣሁ። ሌባ ያልነካው ርካሽ ነገር የለም ወይ አለኝ። ለናንተ ሥራ የሚሆን፣ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ራሳቸው በነፃ የሚሰጡት አለ አልኩት፤ ለጽሑፍ ሊብሬ ኦፊስ፣ ለባነር ኢንክስኬፕ። የሚከፈልበት ካስፈለገም ዋጋውን ከሠሪው ድረ ገጽ ላይ ማየት ነው፤ ሌላ ቦታ ከዚያ በብዙ ከወረደ መሸሽ። ኮምፒዩተሩን ጠርገን ከሠሪዎቹ ገጽ አውርደን እንደ አዲስ ጫንን። ቀይ ማስታወቂያው ገና በቀን ጠፍቷል።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሞገስ ዞሩ።

«ታዲያ ሞገስ፣ ማታ ምኑን አየኸው?» አሉ ፋንቱ በዚያ በአክስት ፊታቸው።

«እ... የሌላ ቀኑ ተምታቶብኝ ነው።»

«ውስጥ አልገባህማ። ጨለማ ውስጥ ቆመህ መቀርቀሪያውን ገፋህ። ብትገባ ኖሮ የሸጥከው መርዝ መጠረጉን ታይ ነበር። አለ ብለህ ያሰብከውን ነው የነገርከኝ።»

ውባለም ድንገት ተነሣች። «ሌባው ጎረቤት ነው ብሎኛል! የማስታወቂያውን አጻጻፍ አይቶ ነቅቶበት። ነገ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አለኝ ማታ በስልክ። ስም ግን አልጠራልኝም።»

«ለሱ ለራሱ ግን ፊት ለፊት ሳይነግረው አልቀረም» አሉ ፋንቱ። «ስልክህን ወዲህ።»

የሞገስ እጅ ወደ ኪሱ ሄደ፤ አጠገቡ የቆመው ፖሊስ ቀደመው። ቻናሉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ተገኘ፣ ለቤዛዊት የተላኩት ዛቻዎችም አንድ በአንድ። የመጨረሻው የተላከው ፋንቱ ሲጠይቋት ነው፤ ያኔ ሞገስ ደጅ ከተሰበሰበው ሰው መሀል ቆሞ ያያት ነበር። ቤዛዊት ውሃውን ያቀበላትን እጅ አየች።

ቤዛዊት ወደ ውባለም ሄደች።

«እትዬ... የገዛሁት እኔ ነኝ። እኔ ባልገዛው ኖሮ...»

ውባለም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ የለም። «ስለ ሌባው ከነገረኝ በኋላ ስላንቺ ነው ያወራኝ» አለቻት። «‹ያቺን ልጅ ሰው ፊት አዋረድኳት፤ አሁን በምን ፊቴ ነው ይቅርታ የምላት?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ጠዋት ስትመጣ ትነግራታለህ አልኩት።»

ቤዛዊት ከማለዳ ጀምሮ ለራሷ ፈርታ ስታለቅስ ነበር። ለይታገሱ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።