ቀድማ የተከፈተችው ቀለበት

ፕሮፌሰሩ ምድር ቤት ባለው የበረዶ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ሥር ተቀምጠው ሞተው ተገኙ። መቀርቀሪያው የተዘጋው ከውጭ ነው። የልብ ሕመምተኛ ነበሩና ብርዱን አልቻሉትም። አስከሬኑን ያገኙት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ናቸው፤ ጠዋት ፕሮፌሰሩ ስለተቆጧቸው ተጠርጥረዋል፤ ፖሊሶች ካቴና ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ወይ ጣጣ!

መርማሪዋ ግን እሳት የላሰች ናት። እትዬን፣ የሟችን ልጅና የሥራ ባልደረባቸውን መስኮት በሌለው ላቦራቶሪ ሰብስባ በሩን ቆለፈች። አየሩ ታፍኗል።

«ልጆቼን ማን ያይልኛል?» አሉ እትዬ እንባቸው እየወረደ።

«የበረዶ ክፍሉ በር የተዘጋው አስር ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ መዝግቦታል» አለች መርማሪዋ። «የት ነበራችሁ?»

ልጅቷ ቤተ መጻሕፍት ነበረች፤ ሦስት ሰው አይቷታል። እትዬ ብቻቸውን ኮሪደር ይወለውሉ ነበር። ባልደረባው፣ የደም ቧንቧ ግድግዳን እድገትና ውጥረት በሒሳብ የሚያሰላው፣ ሁሉም «ባለቀመሩ» የሚሉት፣ ዘና ብሎ መለሰ።

«እዚሁ ነበርኩ። ከበግ የደም ቧንቧ የወጣች ቀለበት በአንድ ጎኗ ቆርጬ ወዲያው አስር ከሩብ ላይ ፎቶ አነሳሁ። ሁለተኛውን ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ። ሰዓቱ ፎቶው ላይ አለ።»

መርማሪዋ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀምጣ ቆየች። «ለምን ሁለቴ?»

ባለቀመሩ ሳይመልስ እትዬ ቀደሙት። «ቀስ ብላ ስለምትከፈት ነዋ! ቧንቧው ሲያድግ ግድግዳው ውጥረት ይቋጥራል ይሉ ነበር ጋሼ ፕሮፌሰሩ። ቀለበቷ ስትቆረጥ ትላቀቃለች። ተከፍታ እስክትጨርስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። እቃ ሳጥብ ስንት ዓመት አይቻለሁ!»

«እውነታቸውን ነው» አለች ልጅቷ።

«እንግዲያው እዩ» አለች መርማሪዋ። «በሁለቱም ፎቶ ቀለበቷ እኩል ተከፍታለች፤ አንድ ዲግሪ እንኳ አልጨመረችም። የመጀመሪያው ሲነሳ ከተቆረጠች ቆይታለች ማለት ነው። ካሜራው በተፈለገው ሰዓት በራሱ እንዲያነሳ ይሞላል። አንተ ሞልተኸው ወደ ምድር ቤት ወርደህ በሩን ቀረቀርክባቸው። ግን ለምን?»

«አባዬ ትናንት የእሱን የሒሳብ ሞዴል ቁጥሮች ከሙከራው ውጤት ጋር ሲያመሳክር ነበር» አለች ልጅቷ። «'ፈጠራ ናቸው፣ ነገ ለኃላፊዎቹ እነግራቸዋለሁ' አለኝ።»

የባለቀመሩ ፊት አመድ መሰለ። «ልገድለው አልነበረም… ላስፈራራው ብዬ ነው።»

«ለማስፈራራት ካሜራ ቀድሞ ይሞላል? ዓይን ያወጣ ውሸት!» አለች መርማሪዋ።

ባለቀመሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። «ከከፈትኩለት ይናገራል። ካልከፈትኩለት ይሞታል። መውጫ አጣሁ።»

«አባዬ አንኳኳ?» አለች ልጅቷ።

«አዎ።»

«እስከ መቼ?»

«ግማሽ ሰዓት ያህል። በሩ ላይ ቆሜ ነበር።»

መርማሪዋ በሩን ከፈተች፤ ፖሊሶቹ ወደ እትዬ ሲያመሩ እጇን ወደ ባለቀመሩ ጠቆመች። እትዬ ነጻ ወጡ፤ ግን ከክፍሉ አልወጡም። ልጅቷ እጃቸውን አጥብቃ ይዛ ነበር።