ለሰማዕቱ የተጎነጎነው አበባ

ሳቬሊና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤቷ በሰላማዊ ውቅያኖስ ባለችው በፉቱና ደሴት፣ ፖይ በምትባለው መንደር፣ ባሕሩ ዳር ነው። ጎበዝ ልጅ ናት። አሳማዎቹን ማንም ሳያዛት ታበላለች፤ ጸሎቷን ሳትንተባተብ ታደርሳለች። ምላሷ ግን፣ ልጆች፣ ምላሷ! ጉድ የሠራት እሱ ነው።

የፖይ ቤተ ክርስቲያን የሰማዕቱ የቅዱስ ጴጥሮስ ሻኔል አፅም ያረፈበት ነው። በበዓሉ ቀን ሰው ከየመንደሩ በእግሩ፣ ከጎረቤታችን ከዎሊስ ደሴት ደግሞ በአውሮፕላን ለመሳለም ይመጣል። አፅሙ ባለበት ሣጥን ላይ የአበባ ጉንጉን የሚያኖረው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ሳቬሊና ዓመቱን ሙሉ "ዘንድሮ እኔ ነኝ" ስትል ከረመች።

በዋዜማው ልጆቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው አበባ በክር ይሰካሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያቸው እትዬ ኤሜኔታ መጡ። ወፈር ያሉ ናቸው፤ ድምፃቸው ከደወሉ አያንስም።

"ዘንድሮ አበባውን የምታኖረው ፋላኪካ ናት" አሉ።

ፋላኪካ! ያቺ ስትጠራ እንኳ "አቤት" ማለት የምታፍር ልጅ! የሳቬሊና ፊት ልውጥ አለ። ልጆች፣ እንዲህ ያለ ጊዜ ሰውን የሚይዘው ነገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ቅናት ይባላል። ሳቬሊና ግን በስሙ አልጠራችውም።

እትዬ ኤሜኔታ የሰማዕቱን ታሪክ መናገር ጀመሩ። "ከሩቅ አገር መጣ። ቋንቋችንን ተማረ። በሽተኞቻችንን አስታመመ። እኛ ግን በመጥረቢያ ገደልነው። ሲመቱት እንኳ አልተራገመም። 'ለእኔ መልካም ነው' ብሎ ሞተ።"

ይህን ብለው ተጨማሪ ክር ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገቡ።

"መጥረቢያውን ያነሳው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አለች የሳቬሊና የአክስት ልጅ ቴሌሲያ በሹክሹክታ። "የፋላኪካ ዘመድ ነው። አያቴ ነግሮኛል።"

ሳቬሊና ተስፈንጥራ ተነሳች።

"ምን? የገዳይ ዘር ነው እንዴ አፅሙ ላይ አበባ የሚያኖረው? ምን ቆርጧት!"

የፋላኪካን ጉንጉን ነጥቃ በጠሰችው። አበባው መሬት ላይ ተበተነ፤ በእግሯም ረገጠችው። "እጅሽ ደም ነው! ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቢ!" ብላ ጮኸች።

ሌሎቹ ልጆችስ ምን ያሉ ይመስላችኋል? "ተዪ፣ ነውር ነው" ያሉ? የት አባታቸው! "የገዳይ ዘር! የገዳይ ዘር!" እያሉ አብረው አጨበጨቡ። በቤተ ክርስቲያን ግቢ! በሰማዕቱ ዋዜማ! ይህን ሳወራ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ፋላኪካ የተረፈውን ክር ጥላ ተነሳች። ወደ ቤቷም ሄደች።

እትዬ ኤሜኔታ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ ወጡ።

"ማነው አንቺን ዳኛ አድርጎ የሾመሽ?" አሉ ሳቬሊናን።

"እውነት አይደለም እንዴ፣ እትዬ?"

"እውነት ነው! ቁጭ በይ! ሁላችሁም ቁጭ በሉ! እውነት ካማራችሁ ሙሉውን ስሙ። መጥረቢያ ያነሳው የፋላኪካ ዘመድ ነው። የሰማዕቱን ልብስና ምንጣፍ ዘርፎ የሄደው ደግሞ የአንቺ፣ የአባትሽ ቅድመ አያት ነው። የእኔው እጁን አጣጥፎ ቆሞ አየ። ቴሌሲያ፣ አትሳቂ፣ ያንቺውም እዚያው ነበር! ታዲያ አበባውን ማን ያኑረው? የአውሮፕላኑን አብራሪ እንለምን?"

ከኋላ አንድ ልጅ ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዋጠው።

"ያ መጥረቢያ ያነሳው ሰው በኋላ ተጠመቀ" አሉ እትዬ። "አባቶቻችን እንደነገሩን፣ ሊሞት ሲል 'ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቅበሩኝ፤ ሰማዕቱን ሊሳለም የሚገባ ሁሉ ረግጦኝ ይለፍ' አለ። የሰማዕቱ አፅም ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ተወስዶ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ተመለሰ። ወደ ማን? ወደ ገደልነው ወደ እኛ! አፅሙ እዚህ የተቀመጠው ለጌጥ መሰለሽ? ይቅር ለመባላችን ምስክር ነው። ሰማዕቱ ገዳዩን ከደጁ አላባረረም፤ አንቺ የዘመዱን ልጅ ታባርሪያለሽ? ምን ሲደረግ!"

የሳቬሊና ጆሮዋ ጋለ። ቤቷ ገብታ ለአባቷ ሁሉንም ነገረችው።

በእኛ ደሴት የበደለ ሰው፣ ተወቅጦ የክብር መጠጥ የሚሆነውን የካቫ ተክል ሥር ይዞ፣ ተበዳዩ ደጅ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ አንገቱን ይደፋል። ሥሩን ካነሱለት ታረቁት ማለት ነው። ካላነሱለት እዚያው ተቀምጦ ይቀራል።

"ሥሩን እሰጥሻለሁ" አላት አባቷ ተቆጥቶ። "አብሬሽ ግን አልቀመጥም። የተሳደብሽው ብቻሽን ነው።"

በማግስቱ ጠዋት ሳቬሊና ሥሩን ይዛ ፋላኪካ ደጅ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ የበዓል ልብሱን ለብሶ ወደ ቅዳሴ ያልፋል። የትናንቱን ወሬ የሰማው የፋላኪካ አጎት ሶሴፎ ብቅ አለና ሳቀባት።

"ኧረ! ዳኛችን ዛሬ መሬት ተቀመጡ? ወንበር ይምጣልዎት እንዴ?"

ፋላኪካ ወጣች። የቤት ልብሷን እንደለበሰች ነው።

"እትዬ ናቸው የላኩሽ?"

"አይደሉም።"

"አባትሽ?"

"ራሴ ነኝ የመጣሁት።"

"ታዲያ ተናገሪያ! ትናንት አፍሽ አልደከመውም ነበር።"

ሳቬሊና አንገቷን እንደደፋች ተናገረች። "የጮህኩት ዘመድሽ ስለገደለ አይደለም። አንቺን ስለመረጡሽ ነው። ቀንቼብሽ ነው፣ ፋላኪካ። በሰማዕቱ ደም አሳበብኩ።"

"እኔ ሌሊቱን ሙሉ እጄን ሳይ ነው ያደርኩት" አለች ፋላኪካ። "እውነት ደም ይሆን እንዴ እያልኩ።"

ሶሴፎ ሳቁን አቆመ። ሳቬሊና ተንሰቅስቃ አለቀሰች። አያችሁ ልጆች? አንድ ቃል፣ በንዴት የተወረወረ አንድ ቃል፣ ሕፃን ልጅ እንቅልፍ አጥታ እጇን ስትመረምር እንድታድር አደረጋት!

ደወሉ ተደወለ። ፋላኪካ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለከተች። ሳቬሊና ቀና ብላ ልታያት አልደፈረችም። በመጨረሻ ፋላኪካ ጎንበስ ብላ የካቫውን ሥር በሁለት እጇ አነሳችው።

"ተነሺ" አለቻት። "አበባውን የበተንሽው አንቺ ነሽ፤ ሌላ ልቀሚ!"

ከፋላኪካ ቤት አጥር ሥር ያገኙትን አበባ ሁሉ እየለቀሙ፣ እየሮጡ ሰኩ። ጉንጉኑ ባንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ሳስቶ፣ ምኑም አያምርም ነበር። ፋላኪካ ባዶ እግሯን፣ የቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ በሕዝቡ መሐል አልፋ በሁለት እጇ አፅሙ ባለበት ሣጥን ላይ አኖረችው። ሳቬሊና ከኋላ ቆማ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ዘመረች።

ልጆች፣ የሰማዕቱን አፅም ተሳልመን ስንወጣ እሱ ይቅር ያለውን ሰው በዘሩ የምንሰድብ ከሆነ፣ ያከበርነው ሰማዕቱን ሳይሆን መጥረቢያውን ነው።