በሙታን የተጠራ ስም

ደባርቅ እሑድ ጧት ጉም እንደ ተጫናት ነጋ። ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላት የረህማ ጩኸት እስከ መናኸሪያው ተሰማ። ኢንስፔክተር ደርቤ ስትደርስ ዶክተር ሃና አልጋዋ ላይ እንደ ተኛች ቀርታለች። ከእግሯ በኩል የከሰል ምድጃ አለ፤ እሳቱ ዐመድ ሆኗል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ሃና የዳባት ልጅ ናት። የገብስ ዘር በጨረር እየመታች፣ ውርጭ የሚችል ገብስ አውጥታለች። ለዚህ ሥራዋ የኑክሌር ሳይንስ ባለሙያዎች ማኅበር በዚሁ እሑድ፣ በአገሯ ሰው ፊት ሜዳሊያ ሊያጠልቅላት ነበር። በአዳራሹ ወንበር ተደርድሮ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» የሚል ጨርቅ ተሰቅሎ ይጠብቃታል።

ደጅ የተሰበሰበው ሰው ያጉረመርማል።

«ያ ጨረር ነው የበላት!»

«ምን ጨረር አመጣህ፣ የረህማ ከሰል ነው እንጂ!»

ረህማ የደርቤን ክንድ ያዘች። «ወላሂ ደርብዬ፣ በኔ ቤት ከሰል መኝታ ክፍል አይገባም። ብርድ ልብስ ነው የምደርብላቸው። ምድጃውን ከማድ ቤት ወስደውብኝ ነው።»

«በሩን እንዴት ከፈትሽው?»

«አልተቆለፈም። በሥሩ ጋቢ ተወትፎ ነበር፤ እሱን ስቤ ነው የገባሁ።»

«ጋቢው ከውስጥ ነው ከውጭ?»

«ከውጭ፣ በኮሪደሩ በኩል።»

ደርቤ ጋቢውን አነሳች። የበረደው ሰው ቀዳዳ የሚደፍን ከውስጥ ሆኖ ነው። ከውጭ የደፈነ ግን ሌላ ሐሳብ አለው።

«ካንቺ ሌላ ያየው አለ?»

«ማን ይይልኝ!»

«እንግዲያ እስከ ማታ ሌላ ነገር ካላገኘሁ ቤትሽ ይታሸጋል፤ አንቺም ወደ ጎንደር ትሄጃለሽ። አለቆቼ እንደሆኑ አይሰሙኝም።»

«ልጆቼስ? ማን እጅ ላይ ልጣላቸው?» አለች ረህማ።

ከሟቿ አጠገብ ባለው ክፍል ያደረው የሥራ ባልደረባዋ ዶክተር ያርጋል ነው፤ ሌላ እንግዳ አልነበረም። ረጅም ሰው ነው፤ ዐይኑ ደም መስሏል።

«አብራችሁ ነው የለፋችሁት ይባላል።»

«ውጭ አገር አብረን ተማርን። ኮባልቱ ጋ፣ ጨረሩ ዘንድ፣ እየፈራን አብረን ሠራን። እንደ እህቴ ናት።»

«ሽልማቱ ላይ ግን የርስዎ ስም የለም።»

«ሜዳሊያው ለአንድ ሰው ነው የሚሰጥ» አለና ከንፈሩን ነከሰ።

«ሌሊቱንስ የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። የቀሰቀሰኝ የሴትዮዋ ጩኸት ነው።»

ረፋድ ላይ የሃና ወንድም ላቀው በሚኒባስ ከዳባት ደረሰ። አንድ እግሩን እየጎተተ፣ በከዘራ ነው የሚሄድ። ከእህቱ ጋር መጣላቱን አገር ያውቃል።

«መሬቴን የገብስ መሞከሪያ ስታደርገው ተጣላን፤ አልዋሽም!» አለ። «ታዲያ በመሬት ተጣሉ ተብሎ እህት ትገደላለች እንዴ፣ አንቺ ሴት?»

«ትገደላለች፤ ስንቱን አይቻለሁ። አሁን ግን ወደ ቀብሩ እንሂድ።»

በቤተ ክርስቲያኑ መምሬ ቻላቸው ፍትሐት ሊጀምሩ የክርስትና ስሟን ጠየቁ።

«ወለተ ሥላሴ» አለ ላቀው።

መምሬ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ቆሙ። «ይህን ስም እማ ዛሬ በቅዳሴ ጠርተነዋል።»

«ለታማሚ ይሆናላ፣ አባ» አለች ደርቤ።

«የለም ልጄ፣ በሙታን ነው። ገና ሳይነጋ አንድ ሰው ፊቱን በነጠላ ተከናንቦ መጣና፣ ‹ወለተ ሥላሴ አርፋለችና አስቡልኝ› አለኝ።»

«በዚህ ሰሞን የሞተች ሌላ ወለተ ሥላሴ አለች?»

«የለችም።»

«ሰውየው ያነክሳል?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! እንደ ጦር ቀጥ ያለ ነው።»

ከቀብር መልስ ደርቤ ሁሉንም ለሽልማቱ በተሰናዳው አዳራሽ ሰበሰበች። ጨርቁን ያወረደው አልነበረም። ጉሙ በመስኮት እየገባ ነው።

«ረህማ ሬሳውን ያገኘችው ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው» አለች ደርቤ። «ታዲያ ሳይነጋ መሞቷን ማን አወቀ? የገደላት ብቻ። ረህማ እስላም ናት፤ ለእሷ ሃና ሃና ናት፤ ወለተ ሥላሴን ከየት ታመጣለች? ላቀው ስሙን ያውቃል፤ ግን ያነክሳል። ቤቱ ያደረ ሌላ ሰው ማን አለ?»

ያርጋል ሳቅ አለ። «ኢንስፔክተር፣ የክርስትና ስሟን ማን ነገረኝና?»

«እሷው ናታ!» ላቀው ከዘራውን ወለሉ ላይ መታ። «ያንን ኮባልት ስትፈራው፣ ‹ከያርጋል ጋር የክርስትና ስም ተነጋግረናል። አንዳችን በሰው አገር ብንሞት ሌላው ያስጠራል› ብላኛለች።»

ደርቤ ወደ ያርጋል ተጠጋች። አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

«ሲበርዳት ምድጃውን አንተ አስገባህላት። እንቅልፍ ሲወስዳት በሩን ከውጭ ወተፍህ። ከዚያ ነጠላህን ተከናንበህ ቤተ ክርስቲያን ሄድህ። ሄደህ ባታስጠራት ኖሮ በከሰሉ ረህማ ትታሰር ነበር። ምን አስኬደህ?»

ያርጋል ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «ያን ገብስ ዘር በዘር የለቀምሁ እኔ ነኝ። ስሜን የጠራው የለም።» ቀና ብሎም፣ «ቃል ግን ነበረብኝ» አለ። «ጸሎት ሳታገኝ እንዳትቀር።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ረህማ፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በሻሿ ይዛ ለሃና አለቀሰች።

ሁለት ፖሊሶች ያርጋልን አስነሱት። መምሬ ቻላቸው መንገዱ ላይ ቆሙበት።

«ልጄ፣ አንተ የሞትህ ዕለት እንዳስብህ የክርስትና ስምህን ማን ይንገረኝ?»

ያርጋል ለሃና ተዘጋጅቶ የነበረውን ወንበር አየ።

«የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች» አለ።